ዛፉን ያቆየው ማን ነው? ሀገር በቀል ዛፍና ማኅበር በታሪካችን

 

ሰሞኑን አንድ አርሶ አደር እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «በጎጣችን ወጣቶችና ሴቶች ተሰባስበው የሀገር በቀል ችግኝ የሚያፈላ ማኅበር አቋቁመዋል። እኔንም ግባ እያሉኝ ነው። ኮሶና ዝግባ እስኪደርስ እኮ እኔ አልኖርም። ልግባ ወይስ ጊዜዬን ነው የማጠፋው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። «ግቡ፣ ጥሩ ነው» ብዬ በአንድ መስመር ልመልስ እችል ነበር። ግን እንደዚያ ያለ ምክር ከእኛ ከልማት ሠራተኞች ብዙ ሰምታችኋል፣ ብዙም አልጠቀማችሁም። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ትቼ ታሪክ ላውራችሁ። በሀገራችን ደን የጠፋበትም የቆየበትም ቦታ አለ። የቆየበትን ቦታ «ማን አቆየው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከታወቀ ማኅበሩ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ከወፍ ዋሻ የመጣ ዘር

ዛፍ መትከል በሀገራችን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም ከ550 ዓመት በፊት ገደማ፣ ቦታው ተራቁቶ ስለነበር ንጉሡ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የሐበሻ ጽድ አስመጥተው አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። ዛሬ እዚያ የቆሙት ግዙፍ ጽዶች የዚያ ሥራ ዝርያ ናቸው ይባላል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተመረጠው ዘር የደጋው የራሱ ዛፍ ነው። ዘሩም የተገኘው ሌላ ቦታ ደን ስለነበረ ነው። ወፍ ዋሻ ባይኖር መናገሻ አይኖርም ነበር። እናት ዛፍ የሌለበት ሀገር ንጉሥም ቢያዝ ዘር ከየት ይመጣል? ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባሕር ዛፍ ሲመጣ

አሁን ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን እንምጣ። በድሮ ጊዜ የነገሥታቱ ከተማ አንድ ቦታ ብዙ አይቆይም ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ማገዶ ነው። ሠራዊቱና ሕዝቡ የአካባቢውን ዛፍ ቆርጦ ሲጨርስ ከተማው ይነሣል። እንጦጦም ተራቁቶ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ እንጨት ጠፋና ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለምን አዲሱ ከተማቸው ሊያደርጉ አስበው ግንባታ ጀምረው ነበር።

ከተማዋን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ዘሩ ከውጭ ገባ። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ስሙም ባሕር ዛፍ ሆነ። ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል ተደረገ፣ ሰውም ወደደው። በጥቂት ዓመት ለቤት ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም።

እኔ ባሕር ዛፍን አልሳደብም። ቤታችን ቆሞ ያለው በእሱ ነው፤ ልጅ ያስተማረ፣ ለሠርግ የደረሰ ዛፍ ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ አስለመደን። ዛፍ ማለት ቶሎ ደርሶ የሚሸጥ ማለት ሆነ። ዛፍ ተከላም የየግል ጉዳይ ሆነ፤ እያንዳንዱ በየጓሮው፣ በየድንበሩ። ቀስ ብሎ የሚያድገው ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ባለቤት አጣ። ማንም አልተከለውም፣ ሁሉም ግን ቆረጠው።

የመንዝ ጓሳ

አሁን ደግሞ ባለቤት ያላጣ ቦታ ላሳያችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ የተገኘው እዚያ ከሚበቅለው የጓሳ ሳር ነው። የመንዝ ሰው ቤት የሚከድነው በዚህ ሳር ነው። ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚኖሩት እዚያ ነው።

ይህ ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀሮ ሥርዓት በሚባል የሕዝብ ደንብ ሲጠበቅ ኖሯል። የአካባቢው ትውፊት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶችን ያነሣል፤ ባለ መብቶቹ የእነዚህ ሰዎች ተወላጆች ናቸው። ተሰብስበው አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ቦታውን ያስጠብቃል። ሳሩ እንዲያገግም ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። ሳሩ ሲደርስ በስብሰባ ተወስኖ ይከፈታል፣ ሰው በየድርሻው ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም ከደንቡ ጎን ስለነበረች ውሳኔው ክብደት ነበረው።

እንግዲህ አስቡት። የመንግሥት ዘብ የለም፣ የሽቦ አጥር የለም። የጠበቀው የሚጠቀመው ሰው ራሱ ነው። በድርቅ ዓመት ሌላው አካባቢ ሳር ሲያጣ ጓሳ መጠባበቂያ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ እንከን ነበረበት። ከእነዚያ አባቶች ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ይህን ዛሬ ድገሙት አልልም። መውሰድ ያለብን ሌላውን ነው፦ በምርጫ የተሾመ አለቃ፣ የታወቀ ድርሻ፣ የታወቀ የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ፣ የታወቀ ቅጣት።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የድሮው የርስት መብት ቀረ፣ ቀሮም ከሥሩ ተነቀለ። ጓሳ በአንድ ጊዜ የሁሉም ሆነ። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም፤ ግጦሹም ማጨዱም በዛ። የመንዝ ሰው ግን እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው አውጥቶ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋመ፣ የድሮውን ደንብ በአዲስ ስም መለሰው። ዛሬ ጓሳ በሕዝብ የሚተዳደር የጥበቃ ቦታ ሆኖ በሕግ ታውቋል፤ እንግዳም እየመጣ ያየዋል። መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለወጠ፣ ሳሩ አለ።

ደን ያለበት ደብር

ሁለተኛው ምሳሌ ከእናንተ ዓይን የራቀ አይደለም። ደቡብ ጎንደርን ከተራራ ላይ ሆናችሁ ብታዩ ማሳው ሁሉ ጠፍ መስሎ በየመሐሉ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ዞን ብቻ እንደዚህ ያሉ ከአንድ ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ግን ዝግባው፣ ወይራው፣ ጽዱ፣ ጥቁር እንጨቱ ያለው እዚያ ነው። በሙስሊሙም ዘንድ በመስጊድና በመቃብር ስፍራ የቆዩ ዛፎች አሉ። ሰው እዚያ መጥረቢያ አያነሣም።

ይህን ጉዳይ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የሀገራችን የደን ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ካገኙት ውስጥ ለእኛ ለገበሬዎቹ ሁለት ነገር ይጠቅመናል።

አንደኛው፦ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው ልጅ የለም። ለምን? ከብት ስለሚገባ። የበቀለችው ቡቃያ ሁሉ ትበላለች፣ ትረገጣለች። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ማለት ነው፤ ዛሬ ያለ ይመስላል፣ ነገ ይዘጋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስደነግጣል። አፈሩን ወስደው ውስጡ ምን ዘር እንዳለ ሲያዩ የሣርና የአረም ዘር ሞልቷል፣ የዛፍ ዘር ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህ ማለት የብዙ ሀገር በቀል ዛፎች ዘር እንደ አረም አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመት አይጠብቅም። ከእናቱ ይወድቃል፣ በጊዜው ካልበቀለ ይሞታል። እናቲቱ ዛፍ ከተቆረጠች፣ ጉቶዋም ከተነቀለ፣ በዚያ ቦታ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቦታው ቢታጠር እንኳ በራሱ አይመለስም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይኸው ነው። በጎጣችሁ አንድ የቀረ ኮሶ ካለ፣ እሱ አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ የጎጡ የዘር ጎተራ ነው። ኮሶ ደግሞ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ነው። ወንዴው ከተቆረጠ ሴቲቱ ብቻዋን ቆማ ዘር አትሰጥም። ዝግባና የሐበሻ ጽድም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ በደቡብ ጎንደር ምን ተደረገ? ካህናቱና ምእመናኑ መከሩ። ከየማሳው ለእርሻ እንቅፋት የሆነውን ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ዕርዳታም አገኙ፤ ሥራው ግን የምእመኑ ነው። ማሳው ከድንጋይ ነጻ ሆነ፣ ደኑ ከከብት ዳነ። ካቡ ካለበት ቡቃያ ብቅ ማለት ጀመረ። ይህን የሠራው ሰንበቴና ማኅበር የሚጠጣው፣ ዕድር ያለው ሕዝብ ነው። ልማዱ ስለነበረው ለአንድ ነገር መሰባሰብ አልከበደውም።

በትእዛዝ የተተከለው የት ደረሰ?

አሁን የሚያሳፍረውን ክፍል ላውራ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ፣ በሀገራችን ታላቅ የተከላ ዘመቻ ነበር። ገበሬው በእህል ክፍያ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፣ ተራራው ተከለለ። አባቶቻችሁ ያስታውሳሉ። ሥራው ከባድ ነበር፣ ብዙ ቦታም ለምልሞ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ግን በብዙ አካባቢ ሰው ወጥቶ ያንን ዛፍ ጨፈጨፈው። ለምን? ክፉ ሕዝብ ስለሆነ ነው? አይደለም። የተከለው እሱ ነው፣ ባለቤቱ ግን እሱ አልነበረም። ተራራው ሲከለል ግጦሹን አጣ፣ ምን እንደሚያገኝ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ዘበኛው የሄደ ቀን የራሱን ድርሻ ለመውሰድ ተሽቀዳደመ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአንድ ኮረብታ ላይ ችግኝ አስተክያለሁ። ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ ወጣ፣ ተተከለ፣ ቁጥሩን በቅጽ ሞልቼ ላክሁ። ቅጹ የሚጠይቀው የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አልነበረም። በጥር ብቻዬን ወጥቼ ብቆጥር ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ አልቆሙም። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አይተውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። ችግኙን እያየሁ ነው ስላቸው፣ «የማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መመለስ አቃተኝ። የቀበሌው ልበል? የመንግሥት ልበል? የእርስዎ ነው እንዳልላቸው፣ የእሳቸው ቢሆን ከብታቸው እላዩ ላይ አይቆምም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉድጓድ ከማስቆፈሬ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ዛፍ የማን ነው?

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል ተብሎ ተገልጿል። ዘመቻ ሰው ያነቃል፣ ችግኝ ጣቢያም ያስፋፋል። ነገር ግን ከሐምሌ 23 ጀምሮ ያለው ሥራ የዘመቻ ሥራ አይደለም። ማረም፣ ማጠር፣ ውኃ ማጠጣት፣ ከብት መመለስ የየዕለት ሥራ ነው። የየዕለት ሥራ የሚሠራው ደግሞ እዚያው የሚኖር፣ ስሙ የሚታወቅ ቡድን ነው።

የሁምቦ ጉቶ

የተሳካለትን ደግሞ እንይ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፍ ወደ ማሳ እየወረደ ሕዝቡ ተቸግሮ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ከአንድ የረድኤት ድርጅት ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር ከለሉ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሕዝቡ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ክልል ተረከበ፣ የመጠቀም መብቱ በወረቀት ተሰጠው።

ከዚያ ምን ተከሉ? አብዛኛውን አልተከሉም! መሬቱ ራቁቱን ቢመስልም የድሮዎቹ ዛፎች ጉቶና ሥር አፈር ውስጥ በሕይወት ነበር። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል። ከብቱ ሲታገድ ጉቶው ተነሣ። ከጉቶው ከሚወጡት ቁጥቋጦዎች ጠንካራዎቹን ጥቂቶች መርጠው ሌላውን መለመሉ፣ የጎን ቅርንጫፉን አቀለሉ፣ የቀረው ሽቅብ አደገ። ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ በኒጀር ገበሬዎች ዘንድ የተስፋፋ ነው፤ እዚያም በረሃ በተጠጋ መሬት ላይ ብዙ ሚሊዮን ሄክታር ማሳ ዛፍ ለብሷል።

የሁምቦ ማኅበራት ሳር አጭደው ለከብት ይወስዳሉ፣ የተመለመለውን ለማገዶ ይጠቀማሉ። ከዚያም አልፎ ደኑ ከአየር ለሚመጠው ካርቦን ክፍያ አገኙ፤ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ሥርዓት ተመዘገበ፣ ገንዘቡም ለማኅበራቱ መድረስ ጀመረ። በአፍሪካ ትልቅ ስፋት ይዞ በዚህ መንገድ የተመዘገበ የመጀመሪያው የደን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ጎጥ የካርቦን ገንዘብ ያገኛል ማለቴ አይደለም፤ እሱን ጠብቃችሁ አትግቡ። ሳሩ፣ ማገዶው፣ የጎርፉ መቆም ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።

የጎረቤት ሴቶች

ማኅበር ሲባል «እኛ ምን እናውቃለን፣ ባለሙያ ይምጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ የኬንያን ታሪክ ልንገረው። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ልጅ ሳሉ ከቤታቸው አጠገብ አንድ ትልቅ የሾላ ወገን የሆነ ዛፍ ነበር። እናታቸው «የእግዚአብሔር ዛፍ ነው» ብለው ማገዶ እንኳ እንዳይለቅሙበት ይከለክሏቸው ነበር። ከአጠገቡ ምንጭ ይፈልቃል። በኋላ ከትምህርት ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጦ፣ ምንጩም ደርቆ አገኙት።

በግንቦት 1969 ዓ.ም. ከሴቶች ማኅበር ጋር ሆነው ናይሮቢ ውስጥ 7 ዛፍ ተከሉ። ከዚያ የገጠር ሴቶች በየሰፈሩ በቡድን ሆነው ዘር ከየአካባቢያቸው ለቅመው ችግኝ ማፍላት ጀመሩ። የደን ባለሙያዎች «ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ይህን አይችሉም» ብለው ተጠራጠሩ። ሴቶቹ ግን እህል የሚያበቅሉበትን ዕውቀት ይዘው ቻሉት። ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር፤ ግን ስንት ተከላችሁ ተብሎ አይደለም፣ ስንት ጸደቀላችሁ ተብሎ ነው። ይቺን ልብ በሉ! በ1997 ዓ.ም. ማታይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ በእነዚያ ቡድኖች ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሎ ነበር።

እንግዲህ ልግባ ወይ?

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ጓሳ፣ የደብር ደን፣ ሁምቦ፣ ኬንያ፤ በአራቱም ቦታ ዛፉን ያቆየው ስሙ የሚታወቅ፣ ደንብ ያለው፣ ጥቅሙን የሚያውቅ የመንደር ቡድን ነው። ስለዚህ ማኅበሩን ከመግባትዎ በፊት ሂዱና እነዚህን ጠይቁ።

• ችግኙ የሚተከልበት ቦታ የማን ነው? በወረቀት ተይዟል ወይ? የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከግልና ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን የሚባል ባለቤትነትን ያውቃል። ቀበሌውንና ወረዳውን በዚህ ጠይቁ። «ይታወቃል፣ አታስቡ» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም።

• ውስጠ ደንብ አለ ወይ? ከብት ያስገባ ምን ይቀጣል? ሳሩ እንዴት ይከፋፈላል? አባል ቢሞት ድርሻው ለማን ይተላለፋል? የመጨረሻዋ ጥያቄ «እስኪደርስ እኔ አልኖርም» ላሉን አባት መልስ ናት። እርስዎ ባይኖሩ ድርሻዎ ለልጅዎ ይኖራል።

• መሬት የሌለው ወጣትና ሴት ድርሻ አላቸው ወይ? ከሌላቸው ቂም ይተርፋል፤ የ1983ቱን አትርሱ።

• የሚቆጠረው የተተከለው ነው ወይስ የጸደቀው? በየዓመቱ ጥር ላይ አብራችሁ ቁጠሩ።

• ከአምስት ዓመት በፊት የሚገኝ ጥቅም አለ ወይ? ዝግባ ብቻ ይዞ የተነሣ ማኅበር ይበተናል። ጌሾ፣ ግራዋ፣ ብሳና አብራችሁ አፍሉ። ጌሾው ይሸጣል፣ ግራዋውና ብሳናው ለንብ ነው። ቀፎ ያለው ማኅበር ደኑን ለመጠበቅ ማንም አይጎተጉተውም።

ማኅበር በሌለበት ጎጥ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር የለባችሁም። ዕድራችሁን፣ ሰንበቴያችሁን፣ የደቦ ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ጀምሩ። አምስት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ሥራ ችግኝ ሳይሆን ቆጠራ ነው፤ በጎጡ ያሉትን እናት ዛፎች እየዞራችሁ መዝግቡ። የት አለ? የማን ማሳ ላይ? ወንዴ ነው ሴቴ? መቼ ያፈራል? ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦታውንም ዘመኑንም ያውቁታል። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ባለማሳውን ለምኑ፣ «ይቺን አትቁረጥብን» በሉት።

ዘር ስትለቅሙ ከአንድ ዛፍ ብቻ አትውሰዱ፤ ከበርካታ ዛፍ ቀላቅሉ፣ ሁሉንም አታራግፉ፣ ለወፍም ለመሬቱም ተዉ። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ ይሞታል፣ ሥጋውን አጥባችሁ ትኩሱን ዝሩ። የወይራ ፍሬ ዛጎሉ ጠንካራ ስለሆነ ውስጡን ሳትጎዱ ቀስ ብላችሁ ሰንጥቁት። የግራር ዘር ላይ የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ እስከ ማግሥቱ ይደር። የዋንዛን የሚያጣብቅ ሥጋ አጥቡ። ሀገር በቀል ችግኝ ከባሕር ዛፍ ይልቅ መደብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ለሐምሌ ተከላ ሰኔ ላይ መጀመር አይሆንም፤ ዘሩን በበጋው ማፍላት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን ጉቶ ፈልጉ። የተራቆተ የሚመስለውን ኮረብታ እየዞራችሁ እዩ። የሚያቆጠቁጥ ጉቶ ካለ ችግኝ ከመግዛት፣ ጉድጓድ ከመቆፈር ያድናችኋል። ሥሩ የድሮ ነው፣ ከተተከለ ችግኝ ቀድሞ ያድጋል። የሚፈልገው ፍየል የሚመልስለት ሰው ብቻ ነው።

አባቴ፣ ጥያቄዎ ይህን ሁሉ አስወራኝ። በአጭሩ መልሴ፦ ደንቡን አንብቡ፣ ቦታው በወረቀት መያዙን አረጋግጡ፣ ከዚያ ግቡ። ጎጣችሁ ያለችውንም የመጨረሻ ኮሶ የት እንዳለች ከልጆቹ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁ፣ መጀመሪያ እሷን አሳዩአቸው።

በሉ እንግዲህ፣ በጎጣችሁ የቀረ እናት ዛፍ ካለ ስሙንና ያለበትን ሁኔታ ጻፉልኝ፤ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ዘር አያያዝ በሚቀጥሉት ጊዜያት በየተራ እናወራለን። ለጎረቤት አንብቡለት። መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ።